ሠላሳ አንድ ሰኞ ሙሉ መቶ በመቶ ስለነበረው ሳጥን

ለተከበሩ የሕንጻችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት፣ አለዚያም በሚሰበሰቡበት

ግልባጭ፦ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ለተሰቀሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች በሙሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለሳንባዎ ደህንነት ያለኝን ከልብ የመነጨ ምኞት እገልጻለሁ። ሳንባን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከታች ይረዱልኛል። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ያለነው፣ እኔና አባቴ፣ እንደምንም አለን።

ምናልባት በሥራ ብዛት ዘንግተውን ከሆነ፣ እኔ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ ሴት ነኝ። አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲፍቁና ሲቀቡ ኖረው፣ የፋቁት አቧራና የቀቡት ቀለም ሳንባቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ዛሬ ያለ ኦክስጅን ማሽን ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ የሚያቅታቸው ሰው ናቸው። እርስዎ የሚሰበሰቡበትን ቢሮ ግድግዳ በነጻ የቀቡት፣ በሩ ላይ «ኮሚቴ» የሚለውንም በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ፊደሉ እስካሁን አልደበዘዘም።

የዚህ ደብዳቤ ዓላማ ማመስገን ብቻ ነው። ከስምንት ወር በፊት መብራት ጠፍቶ አባቴ ክፉኛ በተጨነቁ ማግስት፣ የሕንጻው ነዋሪ ተሰብስቦ ተንቀሳቃሽ ፓወር ስቴሽን እንዲገዛ መወሰኑ ይታወሳል። ዕቃው መብራት ሲኖር ቻርጅ ተደርጎ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽን የሚያስነሳ፣ እጀታ ያለው ትልቅ ባትሪ ሲሆን፣ እኛ በአጭሩ «ሳጥኑ» እንለዋለን። እኛ ቤት ይቀመጥ ብዬ ብለምንም፣ የጋራ ንብረት በግለሰብ ቤት እንደማያድር በትሕትና አስረድተው ወደ ኮሚቴው ቢሮ ስላስገቡት፣ ምስጋናዬንም ከዚያ ቀን እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ሳጥኑ የተመረቀበትን ሥነ ሥርዓት አልረሳውም። ስለ ሳጥኑ አጠባበቅ ያደረጉት የአንድ ሰዓት ተኩል ንግግር ለመላው ግቢ የተሰማው ሳጥኑ ላይ በተሰካ ድምፅ ማጉያ ነበር። የተሰብሳቢው የሻይ ውሃም፣ አንዴ አይደለም አራት ጊዜ፣ የፈላው ከዚያው ላይ ነው። ቁጠባን በተመለከተ የተናገሩት ክፍል በተለይ ልብ የሚነካ ስለነበር፣ ከንግግሩ በኋላ ሳጥኑን መልሶ ሶኬት ላይ መሰካት ለማንም ትዝ አላለውም። ለእኔም ጭምር።

ሁለተኛ፣ ለሳጥኑ የተደረገለትን እንክብካቤ ልጥቀስ። ባለቤትዎ ትንፋሽ ማስወጫ ቀዳዳዎቹን በሙሉ የሚሸፍን ዳንቴል ሠርተው አልብሰውታል፤ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ አቧራ እንዳይገባው ላስቲክ ተደርቦለታል። ማረፊያው የተመረጠው የሙቅ ውሃው ቱቦ ከሚያልፍበት ግድግዳ ጋር በተጠጋው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ እንዳይበርደው መሆኑን እገምታለሁ። የአጠቃቀም መመሪያው፣ ሙቀት እንዳይነካው፣ አየር እንዳይታፈን፣ ባይሠራበት እንኳ በየሦስት ወሩ ቻርጅ እንዲደረግ የሚያዘው ወፍራም መጽሐፍ፣ ከነማሸጊያው ከሳጥኑ ሥር ተነጥፎ አግኝቼዋለሁ። ሳጥኑ ቁም ሳጥኑን እንዳይቧጭር ነው አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሳጥኑ የፊት መስኮት የሰጡን ማብራሪያ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ሙሉ የባትሪ ሥዕልና «100%» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ይታይ ነበር። በላዩ ያለው ስስ ፕላስቲክ፣ መስኮቱ እንዳይጫር ሲባል፣ በማንም እጅ እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ አስወሰኑ። ከዚያም ሳጥኑን በአደባባይ አጥፍተው ወደ እኛ አዞሩትና፣ «እዩት እንግዲህ፣ ጠፍቶ እንኳ ስንት እንዳለው ይናገራል! የሠለጠነ ዕቃ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ይህንን ስጽፍ እጆቼን ማየት ያስጠላኛል።

አራተኛ፣ መዝገቡ። ስለ መዝገብ አንድ ሁለት ነገር አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊ አድርገው የሾሟቸው ሰው፣ ከሳምንቱ ቀናት በሰኞ ብቻ ስለሚታዩ ነዋሪው «አቶ ሰኞ» ብሎ የሚጠራቸው፣ በየሰኞው ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ ላስቲኩን ገለጥ፣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው፣ በመስኮቱ ላይ ያዩትን ይመዘግባሉ። እርስዎም ከሥሩ ይፈርማሉ። ሠላሳ አንድ ሰኞ፣ ሠላሳ አንድ መቶ፣ ሠላሳ አንድ ፊርማ። አንድም ዘጠና ዘጠኝ የለም። ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ክፍል ሠላሳ አንድ ቀን ያለ ቀሪ ተማሪ ቢመዘገብልኝ አስተማሪውን ጠርቼ ዓይን ዓይኑን አየው ነበር። የእርስዎን መዝገብ ግን አምኜ ተኛሁ። ማኅተም ነበረበታ!

እስካሁን በአጭር በአጭሩ መብራት ሲጠፋ እቤት ባለች ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር እየተሻገርን፣ ሳጥኑን ለባሰ ቀን ብለን ስንሳሳለት ኖረናል። በሠላሳ አንደኛው ሰኞ ሲሊንደሯ አለቀች። ለማስሞላት ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ተነገረኝ። ከመላኬ በፊት ቢሮ ወርጄ መዝገቡን አየሁ፤ መቶ ይላል። ሳጥኑ አለልን ብዬ፣ አባቴን መጠባበቂያ በሌለው ቤት ውስጥ በመዝገብዎ ላይ አስደግፌ፣ ሲሊንደሯን ላክኋት።

አምስተኛ፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ማሽኑም ጮኸና ዝም አለ። አባቴ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ደረጃው ላይ እንዳትወድቂ» አሉኝ። የሰውዬው ጭንቀት ለእኔ እግር ነበር። ቢሮው ተቆልፏል። ስልክ ስደውልልዎ ያሉኝን ቃል በቃል እዚህ ማስፈር ግዴታዬ ነው፤ «እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በጽሑፍ አቅርቢ» ነበር ያሉኝ። ይኸው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

አቶ ሰኞ ሐሙስ ዕለት ከየት እንደተገኙ አላውቅም፤ ብቻ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ቁልፍ ይዘው መጡ። ከመክፈታቸው በፊት ወጪ እንድፈርም ጠየቁኝ፤ ፈረምኩ። የት እንደሚወሰድ እንድጽፍ ጠየቁኝ፤ ጻፍኩ። ምክንያቱን የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ «ትንፋሽ» ብዬ ጽፌ መዝገቡን ወረወርኩላቸው። ምድር ቤት ያለው በያጁና አንደኛ ፎቅ የሚኖረው የታክሲ ሾፌር ሳጥኑን ተጋግዘው፣ ዳንቴሉ እግራቸው ሥር እየተንጠለጠለ፣ ሦስት ፎቅ ተሸክመው አወጡት። ማሽኑን ሰካሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ይዤ ቆየሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ። ምንም።

አባቴ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ አንገታቸው እየተሳበ፣ ዓይናቸውን ሳጥኑ ላይ ተክለው ነበር። «ልጄ» አሉኝ በመከራ፣ «መቶ ይላል እኮ።»

ያኔ ነው ክቡር ሆይ፣ እጄ ወደ መስኮቱ የሄደው። የፕላስቲኩን ጥግ በጥፍሬ ነካሁት፤ ተላጠ። ባትሪውም፣ «100%»ቱም አብረው ተላጡና ጣቴ ላይ ተንጠለጠሉ። ከሥሩ ያለው መስኮት ድቅድቅ ጥቁር ነበር። ፋብሪካው ዕቃው ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የለጠፈውን ማስታወቂያ ነው ሰባት ወር ሙሉ ያነበባችሁት። ጠፍቶም የሚናገረው ለካ ለዚህ ነበር። የመመሪያው ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ ፊደል ያልቆጠረ እንኳ በሚገባው መንገድ፣ ፕላስቲኩን የሚልጥ እጅ ተስሏል።

በያጁ አባቴን እንደ ሕፃን አቅፏቸው ደረጃውን ወረደ፤ የታክሲ ሾፌሩ ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ ሆስፒታል አደረሰን። በጽሑፍ እንዳቀርብ አልጠየቁኝም። አባቴ ስምንት ቀን ተኝተው ተመለሱ። ተመለሱ ስል ከነድምፃቸው አይደለም፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሱትን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሦስት ቦታ እያረፉ ነው የሚናገሩት፤ ብዙውን ጊዜም መጨረሻውን ይተዉታል።

ለስድስተኛው ምስጋና ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ጨዋ ቃል ስፈልግለት ሁለት ቀን ቆየሁና አጣሁት፤ ስለዚህ እንዲሁ እላለሁ፦ ተጸይፌያለሁ። ሰው ይሳሳታል፤ ፕላስቲክን መስኮት ብሎ የሚያነብ የዋህ ይኖራል፤ እሱን ይቅር ማለት እችል ነበር። ያንገሸገሸኝ አባቴ ኦክስጅን ተሰክቶላቸው በተኙበት በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በቤቴ በር ሥር ያስገቡልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። «የጋራ ንብረት የሆነውን ፓወር ስቴሽን የፋብሪካ ልጣጭ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በማንሳት ጉዳት ስላደረሱ፣ ዕቃውን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመልሱ» ይላል። ስለ አባቴ አንድ ቃል የለበትም። እግዜር ይማርልዎ እንኳ የለበትም! ደብዳቤውን አንብቤ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

የሳጥኑን ጤና መጠየቅዎ እንደማይቀር ስለማውቅ ላስረዳዎ። በያጁ የሚያውቀው አንድ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ አይቶታል። ባትሪ ባዶውን ለወራት ሲቀመጥ እንደሚሞት፣ የእኛውም አብዛኛው አካሉ እንደሞተ ነግሮናል። ቀስ በቀስ፣ በሁለት ቀን፣ ቻርጅ ስናደርገው አርባ አንድ ላይ ደረሰና ቆመ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። አርባ አንዱ የአባቴን ማሽን ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያስኬዳል። ሞክሬዋለሁ፣ በሰዓት ይዤ። አሁን ሳጥኑ ያለ ዳንቴል፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ጥላ ባለበት፣ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል። አባቴ በየማለዳው ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ያነቡና ይነግሩኛል። አንድ ቀን አርባ አንድ ነው፣ አንድ ቀን አርባ፣ አንድ ቀን ሠላሳ ዘጠኝ። በተለዋወጠ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ትእዛዝዎን በታላቅ አክብሮት ከተቀበልኩ በኋላ መልሴን አሳውቃለሁ። ሳጥኑን አልመልስም። ፖሊስ ይዘው ይምጡ፣ ኮሚቴውን ይዘው ይምጡ፣ ድምፅ ማጉያዎን ይዘው ይምጡ። ሲመጡ ግን ከአባቴ ፊት ቆመው፣ ገመዱን ከማሽናቸው ላይ በገዛ እጅዎ ይንቀሉት። እኔ በሩን ከፍቼ እጠብቅዎታለሁ።

ጉዳት ደረሰበት የተባለውን የፋብሪካ ልጣጭ ግን የጋራ ንብረት መሆኑን በማመን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በጥፍሬ የተጫረው ጥጉ ብቻ ነው። መቶው ደህና ነው።

ዘመንዎ እንደ መዝገብዎ የሞላ እንዲሆንልዎ በመመኘት፣ መብራት በጠፋ ቀን ሁሉ በልቤ የማስብዎ፣

የቀለም ቀቢው ልጅ
ሦስተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት የሐሙሱን ፊርማዬን ግልባጭ ልወስድ ወርጄ መዝገቡን ገለጥኩት። ሳጥኑ እኔ ቤት እንዳለና እንድመልስ ቅዳሜ ፈርመው ከጻፉልኝ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ሰኞ ላይ፣ አባቴ ሆስፒታል ሳሉ፣ ሳጥኑም ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ባዶውን ተቀምጦ ሳለ፣ እንዲህ ተመዝግቧል፦ «በቁም ሳጥኑ ውስጥ በደህና ይገኛል። 100%።» ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። በዚያ ሰኞ ልጣጩ እኔ ቦርሳ ውስጥ ስለነበር፣ መቶውን ከየት እንዳነበቡት ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።