በቀዩ ኳስ ሥር አርባ አራት ዓመት

መርከበኞች «አባ ቁም» እያሉ የሚጠሯቸው የምልክት ማማው ኃላፊ፣ ከጀልባ ሠሪ አባታቸውና መረብ በመጠገን ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው በ1934 ዓ.ም. ከሰርጡ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የሰርጡ ስፋት አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለዚህች ጠባብ ውኃ ስንት መንግሥት ተፋጅቶባታል!

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1953 ዓ.ም. በማማው ተቀጠሩ። ቀዩ የቆርቆሮ ኳስ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሲሰቀል ሰርጡ ዝግ ነው፤ ሲወርድ ክፍት ነው። ኳሱ ተሰቅሎ ሳለ የተንቀሳቀሰ ጀልባ በምሽጉ መድፍ ይመታል። በዘመናቸው ሦስት ኃይሎች ተፈራርቀዋል፤ በመጀመሪያ ነዳጁን ለማሳለፍ ከባሕር ማዶ የመጣው ንጉሥ፣ ቀጥሎ እሱን ያባረረው የጎረቤት ጦር፣ በመጨረሻም ሁለቱን ላስታርቅ ብሎ መጥቶ በዚያው የቀረው የሰባት መንግሥታት ኅብረት። ሁሉም ሲገቡ «ሰርጡ ለሁሉም ክፍት ነው» ብለው አወጁ፤ ሳምንት ሳይሞላም ኳሱን አሰቀሉ። ባንዲራ በተቀየረ ቁጥር ሳይቀየሩ የቀሩት ኳሱና እሳቸው ናቸው። ቀለም የሚቀቡትም ራሳቸው ነበሩ፤ ብሩሹን ለማንም አያስነኩም።

በ1958 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። በ1969 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው በጠና የታመመች ሚስቱን ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ለማድረስ፣ ኳሱ ተሰቅሎ ሳለ ጀልባውን አወጣ። ወንድሜ ያየኛል ብሎ ተማምኖ ነው። አይተውታል። ሸራው ላይ እናታቸው የጣፉትን ሰማያዊ እራፊ በመነጽር ለይተዋል፤ እጃቸውም ገመዱ ላይ ነበር። አላወረዱም። መድፉ ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ የባልና ሚስቱ አስከሬን እንኳ አልተገኘም። ለታማኝነታቸው የተሸለሙት ሜዳሊያ ዛሬ የሬሳ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጧል።

የወንድማቸውን የአራት ዓመት ሴት ልጅ ወስደው አሳደጉ። ሳይሰስቱ አበሏት፣ አስተማሯት፣ ስታድግም በማማው አስቀጠሯት። አንድ ቀን «አባባ፣ ያኔ ለምን አላወረዱትም?» ብትላቸው፣ «ለዘመድ ከወረደማ ምኑን ኳስ ሆነ፤ ጨርቅ ነው እንጂ» አሏት። ሁለተኛ አልጠየቀችም። በ1997 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ያስረከቡት ለእሷ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ልባቸውን አመማቸው። ኅብረቱ የጦር መርከቦቹን እያሳለፈ ስለነበር ኳሱ ተሰቅሏል። ጎረቤቶች ጀልባ አዘጋጁ፤ ባለቤታቸው ማማው ሥር ቆመው «ልጄ፣ በእናትሽ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ!» እያሉ ለመኗት። አባ ቁም አልጋቸው ላይ ሆነው በመስኮቱ ኳሱን ያዩ ነበር። «አውርጂው በሏት» አሉ። ይህን ለማንም ሰው ብለው አያውቁም። በተወለዱ በ82 ዓመታቸው፣ መስከረም 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዐረፉ። ኳሱ የወረደው የመጨረሻው መርከብ ካለፈ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

በቀል ነው የሚሉ አሉ። ሥራዋን ልክ እንዳስተማሯት ሠርታለች። ትወዳቸው ነበር፤ ይቅር ግን አላለቻቸውም።

ባለቤታቸውንና ይህችኑ የወንድማቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት፤ የሚያነብላችሁ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ዛሬም ኳሱ ተሰቅሏልና ከማማው መውረድ አልቻለችም።

ፈጣሪ እሳቸው ያልከፈቱትን መንገድ ለነፍሳቸው ይክፈትላቸው።