የአባዬ ጥርሶች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? እኛ እንዳለን አለን።

የአባዬን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ ሸፈንኩት። ደንበኞቹ «መቼ ይከፍታል?» ሲሉኝ «ሰሞኑን» እላቸዋለሁ። ስትሮኩ ከጣለው ወዲህ መዋጥ ስላቃተው፣ ምግብ የሚሰጠው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው። እማዬ «ምንም ካልበላበት አፉ ምኑ ይታጠባል?» አለች፤ እኛም እውነት መስሎን ተውነው። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ አፉን ስትከፍተው ምላሱ ቅርፊት ሠርቷል። «ምራቁ ከነቆሻሻው ሳንባው ይገባል እኮ!» ብላ ጮኸችብን። ለካ ያ ሁሉ ሳል ከዚያ ኖሯል።

አሁን ጠዋት ማታ በጎኑ አስተኝቼ፣ ጣቴ ላይ እርጥብ ፋሻ ጠቅልዬ ጥርሱንና ድዱን እጠርግለታለሁ። መቼም ታውቀዋለህ፣ መርፌ በጥርሱ ይዞ ከደንበኛ ጋር የሚከራከር ሰው ነው፤ ሲነክስ አይጣል ነው! «አባዬ፣ ጨርቅ መሰልኩህ እንዴ? ልቀቀኝ!» ስለው በግማሽ ፊቱ ይስቃል። እማዬም «ይኸው አቅም አለው» እያለች ትጽናናለች።

ሐኪሙ የሳሉን መድኃኒት ሁለቴ ቀየረው። አሁን ደግሞ «ከእንግዲህ ሆስፒታል አታመላልሱት፤ ቤት ይሁን፣ ከቤተሰቡ ጋር» ብሎናል። እማዬ ጎረቤት ሊጠይቀው በመጣ ቁጥር ወንበር ትጠርጋለች።

አባዬ የጀመረልህ ኮት እጅጌው ብቻ ነው የቀረው። ለልኩ እንኳ ብቅ ብትል ጥሩ ነበር።

ባለፈው ስለ ጣቴ ጠይቀኸኝ ነበር። አታስብ፣ ቁስሉ ሽሯል። አባዬ ከሰኞ ወዲህ አልነከሰኝም።

ቶሎ ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ