አራቱ ካንዴላዎች

ወንድሜ ማርቆስ፣ አሁንም እያፏጨህ በሩን ገፍተህ የምትገባ ይመስለኛል። ወባ በአራት ቀን አንተን ከነጠቀችኝ ሰባት ሳምንት ሆነ። ንዴቴን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ለአንተው ጻፍኩ።

ክፍላችን እንዳለች ናት። አከራያችን እትዬ አስካለ አልጋህን ለሌላ ተማሪ ሊሰጡ ፈልገው ነበር፤ እምቢ አልኩ። ፊዚክስ ወድቄያለሁ፤ አትቆጣኝ።

ያቃጠለኝ የምትሠራበት መጋዘን ፎርክሊፍት ነው። የፒስተኑን የቀለበት ፋሻ ከቀየርክለት በኋላ አርብ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያነሳ ዋለ። ማታ አራቱን የማቀጣጠያ ካንዴላዎች ለማጽዳት ፈትተህ ይዘህ ወጣህ፤ ሰኞ ልትመልሳቸው። ሰኞ ትኩሳት ጣለህ። ካለፍክ በኋላ የሥራ ጓደኞችህ «አርባው ሳይወጣ ማርቆስ የጀመረውን አንነካም» ብለው ኮፋኖው እንደተከፈተ፣ የካንዴላዎቹም ቀዳዳ ሳይደፈን ተዉት። ለአንተ ክብር መሆኑ ነው። የጋራዡ ቆርቆሮ እንደሚያፈስ ሁሉም ያውቃል፤ የዘንድሮ በልግ ደግሞ አዋሳን ውኃ በውኃ አድርጓታል።

አርባህ ሲወጣ ከፒያሳ ሌላ ካንዴላ ገዝተው ገጠሙ። ሞተሩ አልነሳም፤ አየር አያምቅም፣ ኮምፕረሽን የለውም። የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ሳይፈትሹ «ሟቹ ፋሻውን ገልብጦታል» አሉ። ተገልብጦ ቢሆን አርብ እንዴት ሠራ? በሠራተኞቹ የውይይት ክበብ ደግሞ አንዱ ተነስቶ የድሮዎቹ ካንዴላዎች ሆን ተብለው ተሰውረዋል፣ ይህ አሻጥር ነው አለ። ቅዳሜ ስምህ በጉባኤ ሊወገዝ ነው። ተሸካሚዎቹም ሲያገኙኝ «ወንድምህ ፎርክሊፍቱን ጀርባችን ላይ ጭኖብን ሄደ» ይሉኛል።

ጋሽ ወልዴን ልፈትሸው ብዬ ብለምናቸው «መጀመሪያ ጢም አብቅል» አሉኝ። እሁድ ዘበኛው አዝኖልኝ አስገባኝ። እንዳሳየኸኝ ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው አውራ ጣቴን ደፈንኩ፤ ዘበኛው የማስነሻውን ሞተሪኖ አዞረ። ዳርና ዳር ያሉት ሲሊንደሮች ጣቴን ገፍተው አስለቀቁኝ። መካከለኞቹ ሁለቱ ግን ትንፋሽ የላቸውም። ዘይት ጠብ አድርጌባቸው ደገምኩ። ጥፋቱ የፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ይዞ ትንሽ በገፋኝ ነበር። ምንም አልተለወጠም። በቀዳዳቸው የሰደድኩት ሽቦም ዝገት ይዞ ወጣ። ውኃው በክፍቱ ቀዳዳ ገብቶ ቫልቮቹን አዝጓቸዋል፤ መዘጋት አቅቷቸዋል። ፋሻህ ደህና ነው ማርቆስ።

ሥራህ ትክክል እንደነበር አውቄ ዝም ማለቴ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ቅዳሜ ግን ጉባኤው ፊት ቆሜ ካንዴላዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ከእንግዲህ ስምህ በተጠራበት ሁሉ እኔ አለሁ። አንተ ግን ከእነሱ በፊት ከእኔ ስማ።

ለቀስተኛው ተበትኖ እማዬም ወደ ይርጋለም በተሳፈረች ማግስት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ቱታህን ላጥብ ከሚስማሩ አወረድኩ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ካንዴላዎች ወጡ። የየት እንደሆኑ አውቄያለሁ፤ መጋዘኑም የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ጨርቁ አንተን አንተን ይሸታል። ቱታውን ሳላጥብ መልሼ ሰቀልኩት፤ ካንዴላዎቹን ከትራሴ ሥር ከትቼ፣ በሩን ቆልፌ ተኛሁ። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።