የጃሚላ ራይት

ሐረር፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮

ውድ ጥሩነሽ፣

መኪና በቀኝ ይሂድ ከተባለ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ዛሬ ሸዋ በር ማንጎ ስገዛ አንድ ትራፊክ ፊሽካውን ነፋና ሻጯን ጃሚላን፣ «ራይት! ራይት!» አላት፤ ወደ ቀኙ ዳር ተሻገሪ ማለቱ ነው። ሃያ ዓመት የተቀመጠችበት ጥላ ነው። የእኛ ደሴ ቢሆን ገበያተኛዋ እያጉረመረመች ቅርጫቷን ታነሳ ነበር። ጃሚላ ግን፣ «ወላሂ አልነሳም! እማማ፣ ራይት ምንድነው?» አለችኝ።

ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጣታችንን በማስመሪያ እየተመታን ያጠናነው የእንግሊዝኛ ቃል!

«አንዱ ቀኝ ነው፤ ሁለተኛው ልክ ነው፤ ሦስተኛው መብት ነው» አልኳት።

«እኔ ቀኝ ማለቴ ነው፣ እማማ» አለ ትራፊኩ።

«ቀኝ የታዘዘው ለመኪና ነው። እሷ ጎማ አላት?» አልኩት።

ጃሚላ ተደላድላ ተቀመጠች። «አንደኛውን ለመኪናው ስጠው፤ እኔ ሦስተኛውን ወስጃለሁ» አለችው።

እሱም እየሳቀ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። ጉልበትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከጃሚላ ጎን ተቀምጬ ነው። ይመለስ፤ ሁለት ሆነን እንጠብቀዋለን።

ሙሉዓለም