ከድልድዩ ስር የተቀዳው ውሃ

ሰኔ 11 ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ
ከላቦራቶሪው

ለልጄ፣

ሌላ ጊዜ ስጽፍልህ ጤናህን፣ የሚስትህን ደህንነት፣ እንቅልፍህን ሳይቀር ጠይቄ ነበር የምጀምረው። ዛሬ ይቅርብኝ። ተናድጃለሁ። ጽሕፈቴ ካስቸገረህ ታገሰኝ፤ እርጅና ነው ብለህ ግን እንዳትጽናና።

መጀመሪያ ስለ ጠርሙሱ እናውራ። ባለፈው የወንዙ ኮሚቴ ስብሰባ የሁለቱ አገር ሰዎች በተቀመጡበት ተነስተህ፣ ከድልድዩ ስር በቀዳነው ውሃ ውስጥ ያገኘሁት መርዘኛው የእርሳስ ብረት ከወንዙ ሳይሆን ካልታጠበ ጠርሙስ የመጣ ሊሆን ይችላል አልክ። «የጎረቤታችን ላቦራቶሪ መሣሪያዎች ያረጁ ናቸው፤ የዕቃ አጠባባቸውም ቢፈተሽ ጥሩ ነው።» ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልከው። ጎረቤታችን። እኔ አንተን ማጥባቱንም ዕቃ ማጠቡንም የማውቅበት ይመስለኝ ነበር።

የሳቁ ነበሩ። ድሮም ኮሚቴው ሲቋቋም፣ እኔ ከታችኛው አገር፣ አንተ ከላይኛው አገር ተወክለን ስንቀርብ «እናትና ልጅ ወንዝ ሊካፈሉ መጡ» ብለው ቀልደውብን እኛም አብረን ስቀናል። የዚያን ዕለት ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አገር ለቀህ፣ እዚያ አግብተህ፣ የእነሱ ዜጋ ሆነህ የውሃ ቁጥጥር ኃላፊ እስከመሆን ደረስክ፤ እኔም ጡረታ ሳልወጣ ከልጄ ጋር አንድ ጠረጴዛ ለመቀመጥ በቃሁ።

ስምምነቱም ቀላል ነበር። ከድንበሩ ድልድይ ስር አብረን እንቀዳለን፣ የቀዳነውን ለሁለት እንከፍላለን፣ ግማሹን አንተ ግማሹን እኔ መርምረን ውጤቱን እናመሳክራለን። አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣው ፋብሪካ እናንተ ዘንድ ወንዙ ዳር እስኪከፈት ድረስ ውጤታችን ተለያይቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ነው እኔ መርዝ የማገኘው፣ አንተ ንጹሕ ውሃ የምታገኘው።

ከስብሰባው ስመለስ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? አመንኩህ። ልጄ ዋሸ ከምል እኔ ተሳሳትኩ ማለት ቀለለኝ። ጠርሙሶቹን ሁሉ አውጥቼ በአሲድ ዘፈዘፍኳቸው። መሣሪያውን እንደ አዲስ አስተካከልኩ። ባልደረባዬ እኔ በሌለሁበት ውሃውን ብቻዋን እንድትለካው አደረግሁ። እርሳሱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የአንተን ሪፖርት መልሼ ሳነበው ዓይኔ የኖራው መጠን ላይ አረፈ። የወንዛችንን ውሃ ታውቀዋለህ፤ ኖራ የበዛበት ነው፣ ሳሙና አረፋ አልሰጥ እያለ ስንቴ አማሮኛል። አንተ የመረመርከው ውሃ ግን ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ውሃ ከድልድዩ ስር አይገኝም። የሚገኘው ከፋብሪካው በላይ፣ ከተራራው ከሚወርደው ገባር ነው። ከእኔ ጋር የቀዳኸውን ደፍተህ ሌላ ውሃ ነው የለካኸው።

ስደውልልህ አልካድክም። ያልከኝ ግን ከመካድም ይከፋል። «እማዬ፣ ከፋብሪካው ጀርባ እነማን እንዳሉ አታውቂም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታገሺኝ፤ ማጣሪያ ሊያስገቡ ነው፣ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል።»

የተጠማን ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታገስ በለዋ።

አሁን ስለ ሬዲዮ ልንገርህ። የእህትህን ልጅ «ይቺን ማን ይዝጋት» እያልክ ሬዲዮ ያልካት አንተ ነህ፤ ስሙም ቀረላት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ዝምታ አበዛች። እህትህ መጀመሪያ ኩርፊያ መሰላት። ቀጥሎ ሆዴን አለች። ቀጥሎ የምታውቃቸው ቃላት ይጠፉባት ጀመር። ጫማዋን እየጠቆመች «ያ… ያ…» ትላለች፤ አልመጣልሽ ሲላት ትናደድና ታለቅሳለች። ወንዙ ዳር ካለው ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ቧንቧቸው ውሃ ከየት እንደሚስብ ላንተ አይነገርም። ሐኪሙ ደሟ ይመርመር ሲል፣ በአካባቢው እርሳስ የሚለካ ሌላ መሣሪያ ስለሌለ ደሟ የመጣው ወደ እኔ ነው። እኔው ነኝ የለካሁት። ዕድሜ ልኬን ስለካ መሣሪያዬ እንዲሳሳት ጸልዬ አላውቅም ነበር።

አልተሳሳተም።

ውጤቱን ስነግራት እህትህ አላለቀሰችም። ልጇን አቅፋ ቁጭ አለችና «ላይኛው አገር ያሉት ያውቁ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ያልለካሁትን ተናግሬ የማላውቅ ሴት፣ የለካሁትን አላውቅም አልኩ። ለዚህ ያበቃኸኝ አንተ ነህ፤ ከስብሰባው ስድብ ይልቅ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ልጅሽ ስለሆነ ነገሩን ለሌላ ሰው ልስጠው፣ አለዚያ የቤተሰብ ጠብ ነው ብለው ያልፉታል አለኝ። ሌላው ሰው አጥንቶ እስኪጨርስ ስንት ሕፃን ይጠጣዋል አልኩት። ትንሽ አንገራገረና ፈቀደ፤ ፊቴ አላማረውም መሰለኝ። ከትናንት ጀምሮ የከተማው ቧንቧ ተዘግቶ ውሃ በቦቴ እየታደለ ነው። የሌሎቹም ልጆች ደም እየተወሰደ ነው፤ ኮሪደራችን ሕፃን ባቀፉ እናቶች ተሞልቶ መተላለፊያ የለም። ሬዲዮ ሆስፒታል ተኝታ መድኃኒት ጀምራለች። ሐኪሙ እርሳሱ ከደሟ እንደሚቀንስ ነግሮናል። የጠፋባትስ ይመለሳል ወይ ስንለው ግን የያዘውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

ሪፖርቱን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ውሃው መለወጡ፣ በምን እንዳወቅሁ፣ ማን እንደለወጠው፣ ሁሉም አለበት። ስምህን ስጽፍ የአባትህን ስም ማስከተል ነበረብኝ። አፈሩ ይቅለለውና፣ እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩት።

ሪፖርቱ ለሁለቱም አገር ሰብሳቢዎች የሚደርሰው ሰኞ ነው። ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌር ግን ነገ ድልድዩን ይሻገራል። ለምን እንዳስቀደምኩት አትጠይቀኝ። አለቃዬ ቢሰማ ከሥራ ያባርረኛል፤ ቢያባርረኝም አልፈርድበትም። በመሃል አርብ አለ። አርብ ቢሮህ ገብተህ በገዛ አፍህ መናገር ትችላለህ። እኔ ስናገረው ክስ ነው። አንተ ቀድመህ ከተናገርከው ሌላ ነገር ነው። እስከ ሰኞ ለእህትህ አልነግራትም። ከሰኞ በኋላ ከጠየቀችኝ ግን ሁለተኛ አልዋሻትም።

ምርቃት ትጠብቅ ይሆናል። አንጀቴ ቆስሎ እንዴት ብዬ ልመርቅህ። እንዲያው ፈጣሪ ለአፍህ ድፍረት ይስጠው፤ ከጨካኝ እጅ ይሰውርህ። ሚስትህን ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም።

ደግሞ አርብ ከተናገርክ በኋላ ብቻህን እንዳትወጣ። የምታምነው ሰው ይዘህ ሂድ፣ በዋናው መንገድ ሂድ፣ ፋብሪካው ባለበት በኩል እንዳታልፍ። ቤትህ ስትገባ ደውልልኝ። ልቆጣህ እችላለሁ፣ ላለቅስብህም እችላለሁ፤ አንተ ብቻ ደውል፣ አነሳለሁ።

እናትህ