በ«ሽ» የጻፍኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ነገር የተበላሸው የመጀመሪያውን ኮፒ ከማተሚያ ማሽኑ ላይ አንስቼ ሽፋኑን ወደ መስኮቱ ያዞርኩ ጊዜ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። «የመብረቅ ልጅ»። የኔ ኮሚክ። ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሳልኩት... ከርዕሱ ስር የወንድሜ ስም። ደራሲና ሠዓሊ ይላል።

ወንድም ጋሼ ክብ እንኳን ያለ ሳንቲም አይስልም።

ገለጥኩት። ባሰ። መብረቅ የተባለው አባት ከተማዋን እያስፈራራ ይጠብቃል፤ ጭምብል አጥልቃ የምትገጥመው ልጁ ግን ወንድ ሆናለች። ሥዕሉን አልነኩትም። ከጭምብልና ከካባ ስር ማን እንዳለ ማን ያውቃል? ንግግሩን ብቻ ቀየሩት።

ማተሚያ ቤቱ የአባዬ ነው። ቢሮው ገባሁ። መነጽሩን ይወለውላል።

«ወንድ ልጅ ከአባቱ ሲጋጭ ታሪክ ነው» አለኝ። «ሴት ልጅ ከአባቷ ስትጋጭ ብልግና ነው። ማን ይገዛዋል?»

«ስሜስ?»

«የአንድ ቤት ሰው አይደላችሁ እንዴ? አታካብጂ።»

አታካብጂ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

አልቅሼ ይውጣልኝ ብዬ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ሳቅ ገደለኝ።

ፖሊሱ ወንበዴውን «ህጉጥህን ጣል» ይለዋል። ቀጥሎ አንድ ምስኪን «ህማግሌ» መንገድ ያቋርጣሉ። ሕዝቡ ደግሞ «እንህህ፣ እንህህ» እያለ በየአቅጣጫው ይሮጣል።

ወንድም ጋሼን ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ያዝኩት።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ኮምፒዩተሩ ነው ባክሽ። ‹ነሽ› ‹ነህ› እንዲሆን ብዬ ‹ሽ›ን በ‹ህ› ቀይር አልኩት። ያገኘውን ሁሉ ቀየረው።»

«ሳታነበው?»

«‹አንቺ›ን ‹አንተ› ሳደርግ ደከመኝ። አባዬም ቁሞ ያስቸኩለኛል። ስሜን እንደሚያስገባ ግን አላወቅኩም። አባዬ ይሙት።»

«ይሙት አትበል። ገና እጣላዋለሁ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

የመጨረሻው ገጽ። እንዴት ትናንት አላየሁትም?

ልጁ ተመትቶ ወድቋል። መብረቅ ከላዩ ቆሟል። እስከዛ ድረስ ሲራገምና ሲያስፈራራ የነበረው አባት አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ «ተነሺ፣ ልጄ።»

«ሺ» «ሽ» አይደለችም። ኮምፒዩተሩ አልፏታል። ልጄ ተርፋለች... በአንዲት ፊደል።

አባዬ ቃሉን ያስታውሰው ይሆን? ብስክሌት የተማርኩ ቀን ነው። ጉልበቴ ተልጦ መሬት ላይ ተዘርግቻለሁ። እጁን አልሰጠኝም፣ አላባበለኝም። ከላዬ ቆሞ «ተነሺ፣ ልጄ» አለ። ተነሳሁ።

ልንገራቸው? ያርሟታል። ዝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

መጽሐፍ አዟሪው ባዶ እጁን መጣ። የወሰደው ኮሚክ አልቋል።

«ጨምሩልኝ። ገበያው ተጣልቷል።»

«በምን?»

«ልጁ ሴት ናት ባዮችና ወንድ ነው ባዮች። ‹ተነሺ› ብሏታላ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ሴት ናት እያልኩ ነው የምሸጠው፣ እህቴ። እንደዛ ስላቸው መልሰው ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።»

ደግሞ «እንህህ» የልጆች ጨዋታ ሆኗል አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ሁለተኛውን ክፍል ጀመርኩ። ገጽ አንድ ላይ ጭምብሉ ይወልቃል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፈው። በደስታ ነው።

አንድ መጽሐፍ መደብር «ደራሲውን» ለፊርማ ጋብዞት ነበር። ወንድም ጋሼ አንገቱን በክራቫት ታንቆ ተቀመጠ። አባዬ ከጎኑ። እኔ ከመደርደሪያው ጋ ቆምኩ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ መጨረሻውን ገጽ ገልጣ ፊቱ ዘረጋችው።

«‹ተነሺ› የሚለው ስህተት ነው?»

አባዬ ቀደመው። «የፊደል ግድፈት ነው፣ የኔ ልጅ።»

አልተዋጠላትም። እስክሪብቶዋን ለወንድም ጋሼ ሰጠችው። «እሺ፣ ጭምብሉን ሳልልኝ።»

ወንድም ጋሼ እስክሪብቶውን አየ። እኔን አየ። ክራቫቱን ላላ አደረገ።

«የሳለችው እህቴ ናት» አለ። «ልጁም ሴት ናት። የቀየርኳት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጠረጴዛው ጋ ነኝ። ለተማሪዋ ያለ ጭምብል ሳልኩላት። «አውቄው ነበር» አለች።

አባዬ ሌላ ኮፒ አንስቶ ያችኑ የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ቀረ። መደብሩ ባዶ ሲሆን ነው የተናገረው።

«ይሄ... ብስክሌቱ ነው?»

«ብስክሌቱ ነው።»

ኮፒውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መኪናውን አስነሳ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

አባዬ መሳያ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም።

«ሽፋኑ ላይ ሁለታችሁም ትገባላችሁ። የሱ ስም ቀድሞ፣ ያንቺ ተከትሎ። ልጁም ለጊዜው ወንድ እንደሆነ ይቆይ። አንዴ ታትሟል።»

«እኔን አውጡኝ» አለ ወንድም ጋሼ ከኮሪደሩ።

«እምቢ» አልኩ። ድምፄ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አባትሽን ነው እምቢ የምትይው?»

«ታሪክ ነው፣ አባዬ። ብልግና አይደለም።»

ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። ከሁለተኛው ክፍል እስካሁን የሳልኩትን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ማሽኑ እስኪሞቅ አንብበው። ካላተምከው ሌላ ማሽን እፈልጋለሁ።» ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ቆይቶ ወንበር ሳበ።

ያትም፣ አያትም፣ እሱ ያውቃል። ተነሺ ያለኝ ራሱ ነው። ከእንግዲህ ስሜ የሌለበት ሽፋን ውስጥ አንዲት መስመር አልስልም። የማንንም ስም ተከትዬ አልገባም። በ«ሽ» የጻፍኩትን ማንም በ«ህ» አያነብብኝም።