በማማው ላይ የተኛሁበት ቀን

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ አንድ ጡት ጠብተን ላደግነው ለእናቴ ልጅ፤ ማጀቴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ነህ? ልጅህ ጣይባ እንዴት ናት? የማጀቴ ውሃ ተስማማችሁ ወይ? እኔ አለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ።

ሰላምታው ይብቃ። ባለፈው ገበያ በነጋዴ የላክሁብህን ቃል እርሳው። መንገድ ጀምረህ ከሆነ፣ ይህን ወረቀት የያዘችው ጎረቤቴ ሐጂራ ከተገናኘችህ ቦታ ላይ ዞረህ ተመለስ። ካራቆሬ አልፈህ አጣዬም ደርሰህ ቢሆን ተመለስ።

ምን ብዬ እንደላክሁብህ አልረሳሁትም። የእናቴ ልጅ ከሆንህ መጥተህ ውሸትህን አንሳ፣ አለዚያ በጀናዛዬ ላይ እንዳትቆም ነው ያልሁህ። ብያለሁ፤ አልክድም። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ አትምጣ እልሃለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ አሰፋ ነገሩን ከሥሩ ካልነገሩኝ እጄ አይፈታም ስላለኝ፣ የምታውቀውንም ልድገመው። ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ሲጠና፣ ነጋዴው አብዱልሃዲ ግመሉን ከማማዬ እግር ጋር አሰረ። እዚያ አትሰር ብለው፣ አባባ ይህ ግመል ከርስዎ ይልቅ ጨዋ ነው ብሎኝ ጥላ ፍለጋ ሄደ። ጨዋው ግመል ደንብሮ ማማውን ጎትቶ ጣለው፤ እኔም ከነወንጭፌ ወረድሁ። ዳሌዬን ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሰረው፣ ሁለት ጊዜም ጠምሞ ያዘ። ማሽላዬን የግሪሳ ወፍ ጨረሰው። ይኸው በሐጂራ ወተት ነው ያለሁት።

ቃዲው ዘንድ ከሰስሁ። እግሬ እስኪቆም ይጡረኝ፣ ግመሉንም ይስጠኝ አልሁ። አብዱልሃዲ ደግሞ፣ ሽማግሌው ተኝቶ ሲገላበጥ ግመሌ ላይ ወደቀበት፤ ያስደነበረውም እሱ ነው፤ እንዲያውም ካሣ የሚገባው ለግመሌ ነው አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አንተ ነበርኻ ምስክሬ! ተነሳህ፤ በቁርኣኑ ላይ እጅህን አኖርህ፤ ከማማው ሥር ነበርሁ፣ ወንድሜ ከዙህር ጀምሮ ተኝቶ ነበር፣ ማንኮራፋቱንም ሰምቻለሁ አልህ። ቃዲውም ተኝቶ ወደቀ ብሎ ጻፈ። አንተም በሳምንቱ ልጅህን ይዘህ ማጀቴ ገባህ።

ሃምሳ ዓመት ማሽላ ስጠብቅ በማማ ላይ ዓይኔን አልከደንሁም። አሁን ገበያ ላይ፣ አባባ ነጋ ይነሱ እንጂ፣ ይሉኛል። ሐጂራ እንኳ ወተቱን ይዛ ስትመጣ፣ ተኝተው ነው ወይ እያለች ከበር ትጣራለች። ለዳሌዬ ዝም ብል ለዚህ ዝም የምል መሰለህ?

ስለዚህ ይግባኝ አልሁ። በቃሬዛ ወስደው ጣልያኑ ዳኛ ፊት አስቀመጡኝ። የቃዲውን ወረቀት አገላበጠና፣ በአስተርጓሚው በወልደማርያም አፍ እንዲህ አለኝ፦ ቃዲው የምስክሮቹን ፊት አይቷል፣ ድምፃቸውን ሰምቷል፤ እኔ ያለኝ ወረቀት ነው። ተኝቶ ነበር ብሎ ያገኘውን እኔ እዚህ ተቀምጬ አላፈርስበትም። ምስክሩ ራሱ መጥቶ ዋሽቻለሁ ካለ ግን ይፈርሳል። እኔም፣ ማማው ላይ የነበርሁት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ አልነበረም አልሁት። ፈገግ አለ። ደግ ሰው መሰለኝ።

ነቅተህ ከነበርህ ግመሉን ምን አስደነበረው ብሎ ጠየቀኝ። ተኩስ ነዋ፣ ወንዙ ጋ በካሚዮኖቻችሁ ላይ የተተኮሰው፣ አልሁ። ኮርቼ ነው ያልሁት። የሚሰማ ጆሮ እንዳለኝ ይወቅልኝ ብዬ። ያኔ ብዕሩን አስቀመጠ። ከተኩሱ በፊትስ ምን ሰማህ አለኝ። ቀጥሎም፣ ከሞት የተረፈው ሾፌራችን፣ ካሚዮኖቹ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ከማሽላው መሐል ጅራፍ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ፣ ከዚያ ጥይት ዘነበብን ብሏል። ያን ሰዓት በሰማዩ አንድም ወፍ አልነበረም ብሏል። ካንተ ማማ ላይ ሆኖ ሌላው ማማ ሁሉ ይታያል፤ ጅራፉን ያጮኸው ማነው? አለኝ።

የእናቴ ልጅ፣ ያን ጊዜ እጅህ ታየኝ። በቁርኣኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ። ለአብዱልሃዲ ያደላህ መስሎኝ አራት ወር ሙሉ ከየሶላቱ በኋላ ስረግምህ ኖሬአለሁ። ስለ እጅህ ከዚህ በላይ አላስጽፍም።

ጆሮዬ ከብዷል፣ ላስብበት አልሁት። አስብ፣ ወንድምህንም ለሰኞ አስመጣው፤ ነቅቶ ነበር ካለ ካሣህን እፈርድልሃለሁ፤ ከዚያም ሁለታችሁ ስለ ጅራፉ ታጫውቱኛላችሁ አለኝ። ወልደማርያም ይህን ሲተረጉም መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ባለፈው ሳምንት ጣልያኖቹ ገበያው ዛፍ ላይ የሰቀሏቸው ሁለት ሰዎች ገና አልወረዱም።

አስቤ ጨርሻለሁ። ተኝቼ ነበር። ተኩሱን ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው እንጂ በጆሮዬ አልሰማሁም። ሰኞ ይህንኑ በቁርኣኑ ላይ እምላለሁ፤ በኋላ የሚጠይቀኝ አላህ ነው። ጣልያኑ ያምነኝ እንደሆነ ግን እንጃ። ተኩስ የሚለው ቃል አንዴ ካፌ ወጥቷል፤ ሌት ተቀን እሱን ልውጠው ስታገል አለሁ። ምስክሩ ካልቀረበ የቃዲው ወረቀት እንዳለ ይቆማል። እሱ ወረቀት ነው አሁን ያለን። ስለዚህ አትምጣ ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ታውቃለህ። ሰኞ ሳይደርስ ከማጀቴም ውጣ። ወደ አዋሽ በኩል ሣሩ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ከብቱንም ጣይባንም ይዘህ ውረድ። ስለ እኔ የሚያወራ ብትሰማ አትመለስ።

ጣይባን ሳምልኝ። ያን ቀን ወባ ይዟት ቤት ነበር የዋለችው፤ አይደል? እኔም እንደዚያ ነው የማስታውሰው። ወፍ የምትጠብቅበት ማማዋ ባዶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሰፋ ብዕሩን አንስቶ ቀና ብሎ አየኝ። ሰርዘው ብለው፣ ወረቀቱ ይበላሻል ብሎ እምቢ አለ። አንተ ሰርዘው። የተኛ ሰው ምን ያያል።

አንብቦ የሚያሰማህ ሰው ሲጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው። የረገምሁህን ሁሉ አላህ ወደ ምርቃት ይለውጥልህ። ቤትህ አይፍረስ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ። የጣይባን ክንድ ያጽናላት።

በጣቴ አትሜበታለሁ።

ያን ቀን ተኝቶ የዋለው ታላቅ ወንድምህ